የተቃጠለ ዘይት ለመገልበጥ የትኛው ፓምፕ ይመረጣል?

አዲስ አበባ፦ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በልደታ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች በሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር ግራና ቀኝ፣ መኪና የሚጠገንባቸው ግቢዎች ዛሬም ከመኖሪያ ሕንፃዎች ጋር ተጎራብተው ይገኛሉ። ጎማ ቁጠባ የሚለው የሠፈር ስም ራሱ ስለ አካባቢው ሥራ የሚናገረው አለው። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ዘወትር ከሚታዩ ነገሮች አንዱ ጥቁር ዘይት የተጠራቀመበት በርሜልና በአጠገቡ የተደረደሩ ጀሪካኖች ናቸው። ዘይቱ ከሞተር ወጥቶ በሳፋ ይጠራቀማል፤ ከሳፋው ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ ደግሞ ለሚረከበው ሰው ወደ ጀሪካን ወይም ወደ ሌላ በርሜል ይገለበጣል።

ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ በብዙ ቦታ የሚከናወነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በርሜሉን ማዘንበል ነው። 200 ሊትር ዘይት የያዘ በርሜል ከነብረቱ 2 ኩንታል ገደማ ስለሚመዝን፣ ከእጅ ካመለጠ እግር ይሰብራል፤ ያ ሁሉ ዘይትም ወደ ቦይ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ቱቦ ነክሮ በአፍ መሳብ ነው። ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በጋራዡ ውስጥ በዕድሜ አነስተኛው ለማጅ ነው። በናፍጣ ወይም በቤንዚን የቀጠነ ዘይት በስሕተት ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ያስከትላል። የተቃጠለ ዘይት ሞተሩ ሲሠራ የተፈጠሩ ጎጂ ውሕዶችንና ከብረት ለብረት ፍትጊያ የወጡ ደቃቅ ብረቶችን ስለሚይዝ፣ ለረጅም ጊዜ ቆዳን ሲነካም ለቆዳ ካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ፓምፕ መግዛት ለጋራዥ ባለቤት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ጉዳዩ ግን በጋራዡ አጥር ውስጥ የሚቀር አይደለም። በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከየሠፈሩ የሚገባበትን ፍሳሽ ይዞ ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ይገናኝና ውኃው ወደ አዋሽ ያመራል። በዚህ ጉዞው ላይ በወንዙ ዳርቻ ጎመን፣ ሰላጣና ሌሎች አትክልቶችን በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች አሉ። በቦይ የተደፋ ዘይት የሚደርሰው እነርሱ ማሳ ላይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚገልጸው፣ ከአንድ መኪና የሚወጣ የአንድ ጊዜ ቅያሪ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ይህም ወደ 3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሊትር ይጠጋል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ማድረስ ተከልክሏል። ከዚያ በኋላ የወጣው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ የሚያመነጭ ሰው ላይ የጥንቃቄ ግዴታ ይጥላል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነትም ለመጀመሪያ አገልግሎቱ የማይሆን የማዕድን ዘይትን ቁጥጥር ከሚያስፈልጋቸው ቆሻሻዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ወደ ፓምፑ ስንመለስ፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው በእጁ ያለውን ነው። በፎገራና በጣና ዙሪያ ሽንኩርትና ሩዝ የሚያመርት አርሶ አደር የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ያውቀዋል፤ የከተማው ነዋሪም ከሮቶ ውኃ የሚያወጣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያውቃል። ውኃን በደቂቃ መቶዎች ሊትር የሚያወጣ መሣሪያ 1 በርሜል ዘይት እንዴት ያቅተዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን ያቅተዋል፤ ምክንያቱን ማወቅም የቀረውን ምርጫ ሁሉ ያቀልላል።

የውኃ ፓምፕ በአብዛኛው ሴንትሪፉጋል የሚባለው ዓይነት ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው ክንፍ በፍጥነት እየተሽከረከረ ውኃውን ከመሐል ወደ ዳር ይወረውረዋል፤ የተወረወረው ውኃ በፍጥነቱ ምክንያት ግፊት ያገኛል። ይህ አሠራር የሚያዋጣው ፈሳሹ ቀጭን ሲሆን ነው። ወፍራም ዘይት ግን ለመወርወር እሺ አይልም፤ ከክንፉ ጋር አብሮ ይንቦጫረቃል፣ ኃይሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚያ ላይ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ አየር መሳብ ስለማይችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሆዱና የመሳቢያ ቱቦው በፈሳሽ መሞላት አለባቸው። አርሶ አደሩ ፓምፑን ከማስነሣቱ በፊት ውኃ የሚሞላበትና በቱቦው ጫፍ ፉት ቫልቭ የሚያስርበት ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ ለውኃ የተሠራ ፓምፕ የላስቲክ ማሸጊያዎቹ ዘይት የማይስማማቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ለዘይት ያገለገለን ፓምፕ መልሶ ወደ መስኖ ቦይ መውሰድ ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

ዘይት ምን ያህል ይወፍራል? በአገራችን በናፍጣ መኪኖች ላይ በስፋት የሚገባው 15ደብሊው-40 የሚባለው ዘይት፣ ሞተሩ በሚሠራበት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ዝልግልግነቱ 14 ወይም 15 ሴንቲስቶክ ገደማ ነው። በ40 ዲግሪ ወደ 110 ይደርሳል፤ በ20 ዲግሪ ከ300 ያልፋል፤ በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 600 ይጠጋል። የውኃ ዝልግልግነት በዚሁ ቅዝቃዜ ከ1 ነጥብ 3 ብዙም አይዘልም። እንግዲህ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ የአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ሰዓት፣ ሌሊቱን በርሜል ውስጥ ያደረ ዘይት ከውኃ ከ400 እጥፍ በላይ ወፍራም ነው ማለት ነው። ያገለገለ ዘይት ናፍጣ ገብቶበት ከዚህ ሊቀጥን፣ ጥላሸት በዝቶበትም ከዚህ ሊወፍር ይችላል፤ ለምርጫ ግን ይህ አኃዝ በቂ መነሻ ነው።

ሁለተኛው፣ ገዢዎች እምብዛም የማያስቡት ጉዳይ የቦታው ከፍታ ነው። ፓምፕ ፈሳሽን “ይስባል” ይባል እንጂ በእርግጥ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው፤ ዘይቱን ከበርሜል ገፍቶ ወደ ቱቦው የሚያስገባው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ነው። በ2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን ወደ 0 ነጥብ 75 ባር ዝቅ ይላል። በደብረ ብርሃን ከዚህም ያንሳል፤ በመተማ ቆላ ደግሞ ከ0 ነጥብ 9 በላይ ነው። ስለዚህ በመተማ ሞቃት ቀን ያለ ችግር የሚሠራ ፓምፕ፣ በደብረ ብርሃን ማለዳ ባዶውን እየጮኸ ዘይት አልመጣለት ቢል ፓምፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ዘይቱ ወፍሯል፤ የሚገፋው አየርም ሳስቷል። በፋብሪካው መመሪያ ላይ ያለው የመሳብ አቅም በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተጻፈ በመሆኑ፣ የደጋ ገዢ ቁጥሩን ቢያንስ በሩብ ቀንሶ ማንበብ ይኖርበታል።

ይህን በስሌት ማየት ይጠቅማል። ርዝመቱ 3 ሜትር በሆነ የመሳቢያ ቱቦ በደቂቃ 20 ሊትር የሚሆን፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ዘይት ለማሳለፍ ቢፈለግ፣ የቱቦው የውስጥ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፍትጊያውን ብቻ ለማሸነፍ ከ5 ባር በላይ ያስፈልጋል። ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ኢንች ሲሆን፣ ወደ 0 ነጥብ 87 ባር ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በጠቅላላው 0 ነጥብ 75 ባር ስለሆነ ዘይቱ በዚያ መጠን ሊገባ አይችልም። የቱንም ያህል ጉልበት ያለው ሞተር ቢገጠም ይህን አይለውጠውም። ቱቦው ወደ 25 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ወደ 1 ኢንች ሲያድግ ግን የሚፈለገው ወደ 0 ነጥብ 29 ባር ብቻ ይሆናል። በቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ወፍራም ፈሳሽ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍትጊያው 16 እጥፍ ይጨምራልና፣ ከ19 ወደ 25 ሚሊ ሜትር የሚደረገው ጥቂት ለውጥ በፍትጊያ ላይ ሦስት እጥፍ ልዩነት ያመጣል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ምናልባት ከፓምፑ ዓይነት የሚበልጥ ነው። ፓምፑ ከበርሜሉ አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የመሳቢያው ቱቦ አጭርና ሰፊ ይሁን፤ ርቀት ማስኬድ ካስፈለገ ርቀቱ በመግፊያው በኩል ይሁን። በመግፊያው በኩል ፓምፑ የራሱን ጉልበት ሊጠቀም ይችላል፤ በመሳቢያው በኩል ግን ያለው የአየሩ ጉልበት ብቻ ነው። የመሳቢያው ቱቦ በውስጡ የሽቦ ጥምዝ ያለው መሆን አለበት። ለአትክልት ማጠጫ የሚሆነው ለስላሳ ጎማ ትኩስ ዘይት ሲነካው ይለሰልሳል፤ ሲሳብም ጎኖቹ ተጣብቀው መንገዱን ይዘጋሉ። በገበያ ላይ ጥሩ ፓምፕ በከንቱ የሚታማው ብዙ ጊዜ በዚህ ቱቦ ምክንያት ነው።

ለወፍራም ዘይት የሚመረጡት ፓምፖች በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ መጠን እየሰፈሩ የሚገፉት ናቸው። ከነዚህ ዋነኛው የጥርስ ፓምፕ ነው፤ ለመካኒኮች እንግዳ አይደለም፣ ምክንያቱም በመኪናው ሞተር ውስጥ ዘይት የሚያዘዋውረው ፓምፕ በብዛት የዚሁ ወገን ነው። ሁለት ተጣማሪ ጥርሶች ሲዞሩ በጥርሶቹና በቤቱ መካከል ያለውን ዘይት እየያዙ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ወፍራም ዘይት ለዚህ ፓምፕ ጠላቱ አይደለም፤ እንዲያውም በጥርሱና በቤቱ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚዘጋለት ይጠቅመዋል። ራሱ አየሩን አውጥቶ መሳብም ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ግን ጥቂት ዘይት ቢጨመርበት ይመረጣል።

የጥርስ ፓምፕ ሁለት ድክመቶች አሉት። የመጀመሪያው ቆሻሻ ነው። ከሞተር የሚወጣ ዘይት የብረት ፍርፋሪ፣ አሸዋ፣ የማሸጊያ ቁራጭ፣ አንዳንድ ጊዜም የጨርቅ ክር ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ በጥርሶቹ መካከል ሲገቡ ቤቱን ይፍቁታል፣ ፓምፑም ቀስ በቀስ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ በመሳቢያው ጫፍ ሰፋ ያለ የሽቦ ወንፊት ያስፈልገዋል። ወንፊቱ ግን ደቃቅ መሆን የለበትም። የመኪና ፊልትሮ በመሳቢያው በኩል የሚገጥሙ ሰዎች ዘይቱን ሊያጠሩ ሲሉ ፓምፑን ያስርቡታል፤ ደቃቅ ማጣሪያ ካስፈለገ ቦታው በመግፊያው በኩል ነው።

ሁለተኛው ድክመት ከዚህ ይከፋል። በመጠን የሚገፋ ፓምፕ መውጫው ቢዘጋበት አያቆምም። ቧንቧው ተዘግቶ ወይም ቱቦው በመኪና ጎማ ተረግጦ ሳለ ፓምፑ መግፋቱን ከቀጠለ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ወይ ቱቦው ይፈነዳል፣ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል። ስለሆነም ገዢው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር ፓምፑ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አለው ወይ የሚለው ነው። ከሌለው ቀርቶ ሌላ ፓምፕ መፈለግ ይሻላል፤ በዋጋ ቅናሽ የሚካካስ ጉድለት አይደለም።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ሞተር ትልቅ አይደለም። በደቂቃ 20 ሊትር በ3 ባር ግፊት ለመግፋት ዘይቱ ራሱ የሚፈልገው ጉልበት 100 ዋት ያህል ነው፤ በፓምፑና በሞተሩ የሚባክነው ሲታሰብ ግማሽ የፈረስ ጉልበት በቂ ነው። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ መታየት ያለበት የዙር ፍጥነቱ ነው። በደቂቃ 2 ሺህ 800 ገደማ ከሚዞረው ይልቅ 1 ሺህ 400 ገደማ የሚዞረው ይመረጣል፤ ወፍራም ዘይት የጥርሶቹን ክፍተት ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋልና። ፈጥኖ የሚዞር ፓምፕ ዘይቱ ሳይደርስለት ባዶውን ይዞርና ጠጠር እንደዋጠ ይንኳኳል።

ከነዚህ ሁሉ ቆሻሻን የሚችለው በአየር የሚሠራው ባለ ሁለት ዲያፍራም ፓምፕ ነው። ጂም ዊልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈለሰፈው ይህ ፓምፕ፣ ሁለት የላስቲክ ሽፋኖችን በኮምፕረሰር አየር ወዲያና ወዲህ እየገፋ ፈሳሹን ያስተላልፋል። ውስጡ የሚፋተጉ ጥርሶች የሉትም፤ ጥቂት ፍርፋሪ ቢያልፍበትም አይጎዳውም። መውጫው ቢዘጋ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ባዶውን ቢሠራም ወዲያው አይቃጠልም። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለሌለውም ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ባለበት ቦታ ከኤሌክትሪኩ የተሻለ ነው። ጎሚስታ ጨምሮ የሚሠራ ጋራዥ ኮምፕረሰር ስላለው ከባዶ አይጀምርም። እዚህም ግን ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ፓምፑ አየር ይበላል፣ ትንሽ ኮምፕረሰርም ለረጅም ጊዜ ሊቀልበው አይችልም። ሽፋኖቹም ከምን እንደተሠሩ መጠየቅ አለበት።

ለማዕድን ዘይት የሚስማማው ናይትራይል የሚባለው ላስቲክ ነው፤ ቫይተን የሚባለው ደግሞ ዋጋው ከፍ ቢልም ሙቀትን የበለጠ ይችላል። ኢፒዲኤም የሚባለው ላስቲክና የተፈጥሮ ጎማ ግን በዘይት ያብጣሉ። የፍሬን ዘይት ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ኢፒዲኤምን የማይነካው የፍሬን ዘይት ናይትራይልን ያበላሻል። የፍሬን ዘይትም ሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ከሞተር ዘይት ጋር በአንድ በርሜል እንዳይጨመሩ የሚመከረውም በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። የተቀላቀለውን የሚረከብ ሰውም አይገኝም።

በገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ከመኪና ባትሪ በ12 ቮልት የሚሠሩት ትናንሽ ፓምፖች ናቸው። እነዚህ በሁለት ሊከፈሉ ይገባል። ናፍጣ ለመቅዳት የተሠሩት፣ በርሜል ውስጥ የሚጠልቁትን ቀጫጭኖች ጨምሮ፣ ለሞተር ዘይት አይሆኑም። በማሸጊያቸው ላይ የተጻፈው የሊትር ቁጥር ለናፍጣ ነው፤ ሻጩ ስለ ዘይት ሲጠየቅ ያንኑ ቁጥር ቢደግም መታመን የለበትም። ሌላው ወገን በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ዘይት ከሞተር የሚስበው ነው። ይህ ሞተሩ ሞቅ ሲል ይሠራል፤ በደቂቃ የሚያወጣው ግን 1 ወይም 2 ሊትር ገደማ ስለሆነ አንድ በርሜል በእርሱ ለመገልበጥ የሞከረ ሰው ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ብዙዎቹም ያለ ዕረፍት ለረጅም ጊዜ እንዲሠሩ አልተሠሩም። ለሥራው ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ የብዙ ጋራዦች እውነተኛ መጠን ሲታሰብ ነገሩ ይቀልላል። አንዲት የቤት መኪና በአንድ ቅያሪ ከ3 እስከ 5 ሊትር ታወጣለች። በቀን 6 እንደዚህ ያሉ መኪኖችን የሚያስተናግድ ጋራዥ 24 ሊትር ገደማ ያጠራቅማል፤ በርሜሉ የሚሞላው ከ8 የሥራ ቀናት በኋላ ነው። እንዲህ ላለው ጋራዥ በየ8 ቀኑ ለ10 ደቂቃ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግዛት ግዴታ አይደለም። በበርሜሉ አፍ ላይ የሚታሰረው፣ በእጅ የሚዞረው የብረት ፓምፕ ይበቃዋል። በአንድ ዙር ሩብ ሊትር ያህል የሚያወጣ ቢሆን በርሜሉን ለመጨረስ 800 ዙር ያስፈልጋል። ክንድ ያደክማል፤ ሁለት ሰው ሲፈራረቅበት ግን የከሰዓት በኋላ ቀላል ሥራ ነው። መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ብልጭታ የለውም፤ ሲበላሽም በሠፈሩ ያለ ባለሙያ ፈትቶ ይጠግነዋል። ለአነስተኛ ጋራዥ፣ እንዲሁም በገጠር የትራክተርና የውኃ መሳቢያ ሞተር ዘይት ለሚያጠራቅም የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከሁሉም ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ይኸው ነው። ከባድ መኪኖችን የሚያስተናግድና በአንድ ቅያሪ ከ20 ሊትር በላይ የሚቀበል ጋራዥ ግን ወደ ጥርስ ፓምፕ ወይም ወደ ዲያፍራሙ ቢያመራ ያዋጣዋል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ዘይቱ በፓምፕ ውስጥ ጨርሶ አያልፍም። ጎማ ያለውና የታሸገ ጋን ውስጥ ያለው አየር በኮምፕረሰር እየተመጠጠ ዘይቱ ከሞተሩ በቀጥታ ወደ ጋኑ እንዲገባ ይደረጋል፤ ሲሞላ ደግሞ በዝቅተኛ የአየር ግፊት ተገፍቶ ይወጣል። ቆሻሻ የሚያበላሸው ጥርስ ስለሌለ ለጋራዥ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ጋኑ ግን በፋብሪካ ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ይህን ሐሳብ ወስደው ተራ በርሜል ላይ የኮምፕረሰር አየር የሚለቁ ሰዎች አደገኛ ስሕተት ይሠራሉ፤ ተራ በርሜል ለግፊት አልተሠራምና ክዳኑ ወይም ታችኛው ክፍሉ ሊፈነዳ ይችላል።

ወደ ሱቅ የሚሄድ ገዢ የራሱን ዘይት በጀሪካን ይዞ ቢሄድ ከብዙ ጸጸት ይድናል። ሻጮች ፓምፕን የሚያሳዩት በውኃ ነው፤ በውኃ የሠራ ፓምፕ በዘይት እንደሚሠራ ማስረጃ አይሆንም። ለጥርስ ፓምፕ ደግሞ ዘይት ማለስለሻው ስለሆነ በውኃ መሞከሩ ራሱ ጉዳት ነው። ሙከራው በማለዳ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ቢደረግ ፓምፑ እውነተኛ ጠባዩን ያሳያል። ከሰሌዳው ላይ የሊትሩ ቁጥር ለየትኛው ፈሳሽ እንደሆነ፣ የሚችለው ከፍተኛ ዝልግልግነት ስንት እንደሆነ፣ ሞተሩም ለ220 ቮልት መሆኑ ይታይ። ማሸጊያውና ኩሽኔታው ሲያልቅ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ ያልታወቀ ፓምፕ፣ ዋጋው ቢረክስም ዕድሜው የመጀመሪያው ማሸጊያ ዕድሜ ነው።

ከተገዛ በኋላ ጥቂት ልማዶች ዕድሜውን ያረዝሙታል። ከሞተር ገና የወረደ ዘይት እጅ ያቃጥላል፣ ማሸጊያም ያደክማል፤ ትንሽ ይብረድ እንጂ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ አይጠበቅ፤ ለብ ያለ ዘይት ከቀዝቃዛው በብዙ እጥፍ ይቀላል። ዘይቱ በበርሜል አንድ ቀን ቢያድር ውኃውና ፍርፋሪው ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ የመሳቢያው ጫፍ ከበርሜሉ ወለል ጥቂት ጣቶች ከፍ ይበል። የሚሞላው በርሜል እስከ አፉ አይሞላ። 200 ሊትር ዘይት ከ10 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 4 ሊትር ገደማ ስለሚጨምር በማለዳ እስከ አፉ የተሞላ በርሜል በቀትር ፀሐይ ይገነፍላል። ፓምፑ ከቆመ በኋላም ተቀባዩ ዕቃ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ዘይቱ በራሱ መፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል፤ የቱቦውን ጫፍ ቀና ማድረግ ወይም ቧንቧ መግጠም ያስፈልጋል። ከፓምፑ ሥር ሰፊ ትሪ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ የፈሰሰው በሰጋቱራ ይመጠጥ፣ ሰጋቱራውም ከዘይቱ ጋር በተለየ ዕቃ ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ አይጠረግ።

የተጠራቀመው ዘይት ገዢ አያጣም። በአዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ላይ ኮንክሪት ከእንጨት ቅርጹ እንዳይጣበቅ ይቀባል፤ በገጠር አጥርና የቤት ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው ይጠቀሙበታል። በሌላው ዓለም ደግሞ እንደገና ተጣርቶ ዘይት ይሆናል፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ውስጥም ማገዶ ይሆናል። ለምሰሶ የሚወስደው አርሶ አደር ምሰሶው ከጉድጓድ ውኃና ከአትክልት መደብ የራቀ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በአንዳንድ አካባቢዎች እንደሚደረገው የከብትን እከክ በተቃጠለ ዘይት መቀባት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ከብቱ ራሱን ሲልስ መርዙ ወደ ሆዱ ይገባል፣ ለእከኩም የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚያዘው መድኃኒት አለ።

ጀሪካኑም አንድ ነገር ነው። የተቃጠለ ዘይት የያዘ ጀሪካን በሳሙናና በፈላ ውኃ ቢታጠብ እንኳ ፕላስቲኩ የመጠጠውን አይለቅም። በከተማም በገጠርም ባዶ ጀሪካን ዋጋ ያለው ዕቃ ስለሆነ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ውኃ መቅጃነት ወይም ወደ ጠላ ቤት የሚሄድበት መንገድ ሩቅ አይደለም። ዘይት የሚገለበጥበትን ጀሪካን መጀመሪያውኑ በቀለም መለየት ወይም በላዩ “የተቃጠለ ዘይት” ብሎ በማይጠፋ ቀለም መጻፍ፣ ሲያረጅም በስቶ መጣል የጋራዡ ሥራ ነው።